የበረሃ ጽጌረዳ፦ ከጥም ይልቅ የውሃ ብዛት የሚገድላት ተክል

በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው የአምቡሊ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደርቆ ይከርማል። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል።

ጅቡቲንና ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካና በዓረቢያ ደረቅ ምድር የምትበቅለው የበረሃ ጽጌረዳ ይህን አየር የምትቋቋመው ባበጠው ግንዷ ውሃ በማከማቸት ነው። ዛሬ በብዙ አገራት ለጌጥ በቤት ውስጥ ትተከላለች።

እንዴት ትያዝ?

ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ሸክላ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር መትከል ይገባል። አፈሩ ሳይደርቅ ደጋግመው ካጠጧት ሥሯ ይበሰብሳል። በቀን ቢያንስ የ6 ሰዓት ፀሐይ ትሻለች። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው የደጋ ከተሞች ሌሊት ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። በብርድ ወራት ቅጠሏን ብታራግፍ ዕረፍት ላይ ናትና ውሃውን መቀነስ እንጂ መጨመር አይገባም። ወፍራም ግንድ የሚሹ ከቅርንጫፍ ይልቅ ከዘር ቢያበቅሏት ይመረጣል።

ምን ያሰጋል?

ፈሳሿ የልብ ምትን የሚያዛባ መርዝ አለው፤ በአፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። ስለዚህ ሲገርዟት ጓንት ማድረግ፣ ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት ማራቅ ግድ ነው።