የባሮ ታንኳና ቀዛፊው

አንባቢ ሆይ! የአገራችንን ካርታ ዘርግተው ወንዞቿን በጣትዎ ቢከተሉ፣ ዐባይም፣ ተከዜም፣ ዋቢ ሸበሌም ከደጋው ተነሥተው በገደል መካከል ሲወርዱ ያያሉ። ውኃቸው ብዙ ነው፤ የንግድ መርከብ ግን አልሸከሙም። ለመርከብ ንግድ መንገድ የሆነው ባሮ ነው። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱት ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ የሚለው ስም ይጀምራል። ጋምቤላ ሲደርስ ቁልቁለቱ ያልቃል፤ ወንዙም ቁጣውን ትቶ ሰፊና ዝግ ያለ፣ ማለዳ ላይ ሲያዩት ሐይቅ የሚመስል ውኃ ይሆናል። አኙዋዎች ኦፔኖ ይሉታል።

ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በመቱና በጎሬ አልፎ ወደዚህ ቆላ ለሥራ የሚላክ ወጣት መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ፣ የምደባ ደብዳቤው ሲደርሰው ሦስት ነገር ያስባል፤ ሙቀት፣ ወባ፣ አዞ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱ ይልቅ ቶሎ የሚያጋጥመው አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ታንኳ ነው። ክረምት ሲገባ በኢታንግና በጂካዎ በኩል ያለው ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ መንገዱም ይቋረጣል። ያን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ወይም ወደ ጤና ኬላው የሚያደርሰው አንድ ጠባብ ግንድና አንድ ቀዛፊ ነው።

ስለ ባሮ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የመርከብ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲከራይ ፈቀዱ። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳርቻውም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውልም ተከለከለ። በኋላ የተመረጠው ቦታ ግን ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የጎሬና የደምቢ ዶሎ ቡና ከደጋ እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር፤ ጨውና ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመርከቦቹም ዘመን ውሎ አድሮ አለፈ።

ነገር ግን ልብ ይበሉ! መርከቡ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ወራት ብቻ ነበር። በበጋ የአሸዋው ጀርባ ብቅ ሲል መርከብ አይደፍርም። ታንኳው ግን ስንዝር የምታህል ውኃ ከበቃችው ይሄዳል፤ በቆሎውንም፣ ዓሣውንም፣ ሕመምተኛውንም ዓመቱን ሙሉ ያመላልሳል። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን የመርከቡን ጭስ አይተው ታንኳውን ማለፋቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ይህን ታንኳ በጣና ከሚያዩት ጋር አያምታቱት። የጣናው የደንገል ታንኳ ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ይፈልጋል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የባሮው ግን ከአንድ ወፍራም ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ጎኑ ከሳሳ ይሰነጠቃል፤ ከወፈረ ይከብዳል፤ አንዱ ወገን ከሌላው ከበለጠ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ወደዚያው ያዘነብላል። ጠራቢው ይህን ሁሉ የሚለካው በዓይኑና በእጁ ነው።

በሩቅ ሰሜን፣ በበረዶው አገር የሚኖሩት ኢኑይቶችም ካያክ የሚባል የራሳቸው ጠባብ ጀልባ አላቸው። የእንጨትና የአጥንት ማገር ሠርተው የባሕር እንስሳ ቆዳ ይወጥሩበታል፤ ቀዛፊውም እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ በሁለት ጫፉ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። ዛሬ ካያክ በፕላስቲክ እየተሠራ በዓለም ሁሉ የስፖርት ዕቃ ሆኗል። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከዐባይ ምንጭ ተነሥተው፣ በጎማ ጀልባና በካያክ በ114 ቀን ሜዲትራንያን ባሕር የደረሱት በ1996 ዓ.ም. ነው። ጉዟቸው ለፊልም በቃ። የባሮው ቀዛፊ ባለ አንድ ምላስ መቅዘፊያ ወይም ረጅም ምርኩዝ ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ቆሞ ይሠራል፤ ፊልም የሚያነሣው ግን የለም።

አሁን እርስዎ ራስዎ ሊሳፈሩ ነው እንበል። መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ፤ እግርዎንም በታንኳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን በመካከሉ ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ወዲያው ዝቅ ብለው ይቀመጡ። የታንኳው ሆድ ክብ ስለ ሆነ፣ የቆመ መንገደኛ ጥቂት ቢወዛወዝ ሁሉም ይገለበጣል። ጎረቤትዎ ሲያዘነብል እርስዎ በድንጋጤ ወደ ሌላው ወገን አይወርወሩ፤ ብዙ ታንኳ የሚገለበጠው በማዕበል ሳይሆን በዚህ ዓይነት ድንጋጤ ነው።

ቀዛፊው ወዲያው ወደ ማዶ ካልቀናም አይቆጡ። የውኃው ኃይል በዳርና በመታጠፊያው ውስጠኛ ወገን ይደክማል፤ በመካከልና በውጭኛው ወገን ይበረታል። ስለዚህ ብልህ ቀዛፊ አስቀድሞ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም የታንኳውን አፍንጫ ወደ ምንጩ ወገን አዘንብሎ ይሻገራል። ወንዙ ወደ ታች ሲገፋው እርሱ ወደ ላይ ሲቀዝፍ፣ ታንኳው ካሰበው ቦታ ላይ ይደርሳል። በትምህርት ቤት ስለ ኃይሎች መደመር የተማርነውን ይህ ሰው በክንዱ ያውቀዋል። ዕድሜው 15 ዓመት የሆነ ልጅ ቢሆንም፣ በወንዙ ላይ አለቃው እርሱ ነው። እኛ የደጋ ልጆች ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም፤ ደብተርና ማኅተም ስለ ያዝን ግን ልጁን «ቶሎ በል!» እያልን እናዛለን። ይህ ልማድ ሰው ያስገድላል።

በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ወጣት በጋምቤላ ከጓደኞቹ ጋር ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ ወስዶታል። ስለዚህ እጅዎን ወደ ውኃው አይንከሩ፤ ሰው ውኃ በሚቀዳበት ዳር ጎንበስ ብለው አይቆዩ፤ ሲመሽና ሲነጋ ደግሞ ይልቁንም ይጠንቀቁ። ጉማሬ ያለ እንደ ሆነ ቀዛፊው ርቆ ይዞራል። በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል መግባት አደጋ መሆኑን ስለሚያውቅ ነውና፣ ለምን አረዘምክብን አይበሉት።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ባሮ ከመጠን በላይ ሞልቶ የጋምቤላን ከተማ ሳይቀር አጥለቅልቆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ታንኳ የመሻገሪያ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ማውጫ ዕቃ ነው። ሠራተኛ ወደ ወንዝ ዳር ቀበሌ የሚልክ መሥሪያ ቤትም የቀን አበል ሲያስብ፣ አንዳንድ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት አብሮ ቢገዛ አይበዛበትም። ዋጋው ከአንድ ወንበር ብዙም አይርቅ።

ለመዝናናት መቅዘፍ የሚሹ እንደ ሆነ፣ የሞላውን ባሮ ትተው የበጋውን ይምረጡ፤ ከኅዳር ወዲህ ውኃው ይጠራል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። በከተማው ያለው ረጅም ድልድይ የማሻገሩን ሥራ ከታንኳው ስለ ወሰደ፣ ቀዛፊ የሚያገኙት ከድልድዩ ራቅ ብለው፣ ዓሣ አጥማጆች ካሉበት ዳር ነው። ወደ ድንበሩ ወገን ለመሄድ ያሰቡ ግን አስቀድመው የጸጥታውን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ይጠይቁ። ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ውኃ የሚጨልፉበት ጣሳ በታንኳው ውስጥ መኖሩንም ይመልከቱ፤ ጉዞውንም በማለዳ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጀምረው ሙቀቱ ሳይበረታ ይመለሱ።