ስለ መኪና የቤንዚን ፓምፕ መበላሸትና ስለ አለዋወጡ

ለእርሻ ሥራ የተመደበ መኪና እንደ ጥሩ የጭነት በቅሎ ነው። ጤንነቱ ሲጠበቅ ዘሩን፥ መድኃኒቱንና ሠራተኛውን በጊዜው ያደርሳል፤ ሳይጠበቅ ሲቀር ግን በጭንቅ ሰዓት ከመንገድ ይቆማል። የክረምቱ ዝናም መኪናው እስኪጠገን አይጠብቅም፤ የከብት ክትባትም ከቅዝቃዜው ወጥቶ በፀሐይ ሲውል ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ መኪና የሚያዝዝ ሹም ራሱ መካኒክ መሆን ባያስፈልገውም፥ የሠራተኛውን ሥራ ለመቆጣጠርና የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ለመጠበቅ የሚበቃ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

ላንድ ሮቨር የተባለው መኪና ከመነሻው ለእርሻ የታሰበ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ አገር፥ በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይሠራበት ነበርና፥ እርሱን የሚተካ መኪና አሰበ። መኪናውም ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ታየ፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 30 ቀን 1948 ነው። በዚያው አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ የወጣው ባለ ሁለት ሊትር ከሩብ የቤንዚን ሞተር፥ ቤንዚኑን የሚስበው በሞተሩ ጎን በታሰረ ፓምፕ ነው። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ያላቸው አሮጌ መኪናዎች ዛሬም በሥራ ላይ ስለሚገኙ፥ ጠባዩን ማወቅ ይጠቅማል።

የፓምፑ አሠራር እንዲህ ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ጎባጣ ዘንግ የፓምፑን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም ዲያፍራም የሚባለውን ስስ የጎማ ሽፋን ይስባል። ሽፋኑ ሲሳብ ቤንዚን ከሰልባቲዮው ይመጣል፤ በሞላው ኀይል ሲመለስ ደግሞ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራተር ይገፋል። ሁለት ትናንሽ ቫልቮችም ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚንም የጥንቱን ጎማ ፈጥኖ ይጎዳዋል።

ሽፋኑ በተቀደደ ጊዜ ጉዳቱ መኪናውን ማቆም ብቻ አይደለም። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሆድ እየወረደ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱም ቀጥኖ ብረትን ከብረት መጠበቅ ይሳነዋል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ማስነሳት ትንሹን ጥገና ወደ ትልቅ ኪሣራ ማድረስ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የዘይቱ መለኪያ ይመዘዝ፤ ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቢሸት፥ ፓምፑ ሳይለወጥና ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መነሣት የለበትም።

ነገር ግን መኪና ቤንዚን ባጣ ቁጥር ጥፋቱን በፓምፑ ላይ መጫን አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ሳይመረምሩ ዕቃ መግዛት ገንዘብንም ጊዜንም ያጠፋል። ምርመራው በተራ ይሁን። አንደኛ፥ መለኪያው ሊሳሳት ይችላልና በሰልባቲዮው ውስጥ ቤንዚን መኖሩ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፥ የሰልባቲዮው ክዳን ይከፈት፤ አየር በፉጨት ቢገባና መኪናው ደኅና ቢሆን፥ ጥፋቱ የክዳኑ መተንፈሻ መደፈን ነው። ሦስተኛ፥ በፓምፑ ላይ ያለው የመስታወት ጽዋና ወንፊቱ ከውሃና ከጉድፍ ይጽዳ። አራተኛ፥ ከሰልባቲዮው እስከ ፓምፑ ያለው ቱቦ ስንጥቅ እንዳይኖርበት ይታይ፤ በስንጥቁ አየር ከገባ ፓምፑ ቤንዚን መሳብ አይችልም።

አምስተኛው ምርመራ በተለይ ለአገራችን የሚስማማ ነው። ቤንዚን ከፍታ ባለበት ቦታ፥ የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ፥ በቀላሉ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት በሙቀት ይወጣል። በዚያን ጊዜ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ፓምፑ የተበላሸ ያስመስላል። መፍትሔው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ማሳረፍና በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማኖር ነው። ሲቀዘቅዝ ከተነሣ ፓምፑን መለወጥ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ቤንዚን ካልመጣ፥ የካርቡራተሩ ቱቦ ተፈትቶ ጫፉ በጠርሙስ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ ፓምፑ በእጅ ማንሻው ይሠራ። ቤንዚኑ በየምቱ በኀይል ካልፈለቀ ጥፋቱ የፓምፑ መሆኑ ይታወቃል።

ለመለወጥ፥ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። በአካባቢው ሲጋራና እሳት ፈጽሞ አይኑር፤ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ይቅረብ። የፓምፑ ዙሪያ ከጭቃ ከጸዳ በኋላ ቱቦዎቹ ምልክት ተደርጎባቸው ይፈቱ፤ ከሰልባቲዮው የሚመጣውም ይደፈን። ሁለቱ ዳዶዎች ተፈትተው ፓምፑ ሲወጣ፥ የአሮጌው ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ ወደ ሞተሩ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ ይፋቅ። አዲሱ ፓምፕ ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር ሲገባ ክንዱ በጎባጣው ዘንግ ላይ በትክክል ይረፍ፤ እምቢ ቢል በግድ አይገፋ፤ ሞተሩን በማኖቬላ ጥቂት አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። ዳዶዎቹ እየተፈራረቁ ይጥበቁ። ከዚያ ጽዋው በእጅ ማንሻው ይሙላ፤ ማንሻው ላልቶ ባይሠራ፥ ክንዱ ተገፍቶ የቆመ ነውና ሞተሩ አንድ ጊዜ ይዙር። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በየመጋጠሚያው ቤንዚን የሚያንጠባጥብ አለመኖሩ ሳይታይ ጉዞ አይጀመር።

ካርቡራተር የሌላቸው፥ ቤንዚኑን በግፊት የሚረጩ መኪናዎች ፓምፓቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራና በብዙዎቹም በሰልባቲዮው ውስጥ የተቀመጠ ነው። የአብዛኞቹ ግፊት ከሁለት ባር በላይ ሲሆን፥ የጥንቱ ፓምፕ ግፊት ግን ከአንድ ባር ሩብ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ የአንዱን ፓምፕ ለሌላው ማድረግ አደገኛ ነው። በእነዚህ መኪናዎች አስቀድሞ ፊውዙና ሪሌው ይመርመሩ፤ በቱቦው ያለው ግፊትም ሳይለቀቅ መጋጠሚያ አይፈታ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ስለሆነ፥ ሰልባቲዮው ከሩብ በታች ሳይወርድ መሙላት ዕድሜውን ያረዝማል።

እንግዲህ የየወረዳው ኃላፊዎች የሚከተለውን ቢያደርጉ መልካም ነው። ዕቃ በሚታዘዝበት ጊዜ የመኪናው ዓይነት፥ የሞተሩና የሻሲው ቁጥር ይጻፍ። ራቅ ወዳለ ወረዳ የሚሄድ አሮጌ መኪና መለዋወጫ ዲያፍራምና ጓርኒሲዮን ይያዝ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለግምጃ ቤት ተመልሶ የተለወጠበት ቀን በመዝገብ ይግባ። ይህም ሁሉ ከዝናም በፊት ይፈጸም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በሰኔ ዘር የሚጠብቅ ገበሬ፥ ዘሩ የቀረው በአንዲት የተቀደደች የጎማ ሽፋን ምክንያት መሆኑ ቢነገረው የዓመት ቀለቡን አይመልስለትም።