«አሁን» የማን ነው? የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ በቦታና በጊዜ አስተሳሰባችን ላይ ያመጣው ለውጥ



በዛሬው ንግግሬ የማተኩረው «አሁን» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምንለውን ሌላው ዓለም 7 ሰዓት ይለዋል። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፤ ሁለታችንም የምንናገረው ስለ አንድ ቅጽበት ነውና። ኒውተንም በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጊዜ ለፍጥረተ ዓለሙ ሁሉ እኩል እንደሚፈስ፣ ቦታም ፈጽሞ እንደማይለወጥ አስተማረ።

ይህን እምነት የፈተነው ብርሃን ነው። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 የምድር ጉዞ በብርሃን ፍጥነት ላይ ሊያስከትል የሚገባውን ልዩነት ፈለጉ፤ የጠበቁትን ግን አላገኙም። አይንስታይን በ1905 የብርሃን ፍጥነት በቋሚ ፍጥነት ለሚጓዝ ተመልካች ሁሉ አንድ ነው ከሚል መነሻ ተነሣ።

ውጤቱን በምሳሌ እንመልከት። በሚጓዝ ባቡር ፉርጎ መካከል መብራት ይብራ። በውስጡ ለተቀመጠው ሰው ብርሃኑ የፊቱንና የኋላውን ግድግዳ እኩል ይደርሳቸዋል። መሬት ላይ ቆሞ ለሚመለከተው ግን የኋላው ግድግዳ ወደ ብርሃኑ ይመጣል፤ የፊቱ ይሸሻል። ስለዚህ ብርሃኑ አስቀድሞ የሚደርሰው ከኋላው ነው። ከሁለቱ ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። ተራርቀው የሚፈጸሙ ሁለት ክስተቶች «በአንድ ጊዜ ሆኑ» ማለት ተመልካቹን ሳይጠቅሱ ትርጉም የለውም።

ጉዳዩ በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ሰዓት ከፍጥነቱ የተነሣ በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በ1915 የተጠናቀቀው አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው ደግሞ፣ የምድር ስበት በዚያ ከፍታ ስለሚደክም 45 ያህል ይፈጥናል። የተጣራው ልዩነት 38 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ብርሃን በዚህ ጊዜ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መሐንዲሶች ይህን ባያርሙ ኖሮ በስልካችን የምናየው ካርታ ባላመለከተን ነበር።

ታዲያ «ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው» ልንል ነውን? አይደለም። ሚንኮቭስኪ በ1908 እንዳሳየው፣ ቦታና ጊዜ በየራሳቸው ከተመልካች ተመልካች ቢለያዩም፣ ሁለቱን አዋሕዶ የሚሰላው የክስተቶች ርቀት ለሁሉም አንድ ነው። የምክንያትና የውጤት ቅደም ተከተልም አይናወጥም፤ ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ሲወለድ የሚያይ ተመልካች በየትኛውም ፍጥነት ቢጓዝ አይገኝም።

እንግዲህ ያጣነው ለፍጥረተ ዓለሙ ሁሉ የጋራ የሆነውን «አሁን» ነው። በምትኩ ያገኘነው፣ ተመልካቾች በየሰዓታቸው ባይስማሙም ሁሉም የሚስማሙበትን ሕግ ነው። እኔ ልውውጡን አትራፊ እለዋለሁ፤ የእናንተን አስተያየት ደግሞ በጥያቄያችሁ እሰማለሁ።