አሮጌ የጃፓን ዶቅዶቄ አድሶ ስለ መሸጥ

በሎንዶን ወይም በቶኪዮ አንድ ሰው ያረጀ የጃፓን ሞተር ብስክሌት አድሶ ሲሸጥ፣ ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው በእሑድ ቀን ሊንሸራሸርበትና በቤቱ አቁሞ ሊያየው ነው። በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወገዳ ተነሥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወርድ ሰው ዶቅዶቄ የሚገዛው እግር እንድትሆነው ነውና፣ መንገድ ላይ ብትቆምበት ከሜዳ ማደሩ ነው።

እነዚህ ዶቅዶቄዎች በአገራችን የታወቁት በተለይ በግብርናና በጤና ሠራተኞች እንዲሁም በእርዳታ ድርጅቶች እጅ ነው። ከነዚህም አንዷ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ለእርሻ ሥራ የታሰበች ስለ ሆነች ካቴናዋ ተከድኖ ጭቃ አይነካውም፤ ከፊትና ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። (ያማሃ የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት ያወጣው በፈረንጆች 1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ እናት ኩባንያው ከዚያ በፊት የሚታወቀው በኦርጋንና በፒያኖ ነበር። የሱዙኪም መነሻ የሽመና መሣሪያ ነው። ይህን ወሬ ሸማኔዎቻችን ቢሰሙት ደስ ሳይላቸው አይቀርም።)

መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደውን አሮጌ ዶቅዶቄ ገዝቶ፣ ፈታትቶና አድሶ መሸጥ የሚያስመሰግን ሙያ ነው። ነገር ግን «ታድሳለች» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያዩ ነበር፤ ኮርቻዋንም አስወርደው ገጣባ እንዳለባት ይመረምሩ ነበር። የዛሬው ኮርቻ ቀለም ነው። ሰርባቶዮው ተቀብቶ ሲያብለጨልጭ ገዢ ይደነቃል፤ ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ ቢያይ ግን ዝገቱን ያገኘዋል። ያም ዝገት እየተቀረፈ ወርዶ ካርቡራተሩን ይዘጋዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የዘይቱ ነገር ነው። ኤጂ 100ም ሆነች ዲቲ 125 ሞተራቸው ባለ ሁለት ምት ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ፋብሪካው ለዚህ የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያና ትንሽ ፓምፕ አበጅቶላቸዋል። ፓምፑ ሲበላሽ አንዳንድ ሜካኒክ መለዋወጫ ከማፈላለግ ይልቅ ፈትቶ ይጥለውና፣ ዘይቱን በእጁ ከቤንዚኑ ጋር ይደባልቃል። ይህ ራሱ ነውር አይደለም፤ በልኩ እስከ ተደባለቀ ድረስ ሞተሩ ይሠራል። ነውሩ ለገዢው አለመንገር ነው። ማጠራቀሚያው ዘይት ሞልቶበት እንደ ጌጥ በቦታው ተቀምጧል እንበል። ገዢውም ይህን አይቶ፣ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ቀድቶ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይናከሳል። በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ካልጨበጠ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ይጥለዋል። በጉና ግርጌ ባሉት መንገዶች ላይ እንዲህ ያለው አወዳደቅ የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ገዢው የት እንደሚኖርም መጠየቅ ይገባል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፣ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነችም፣ መብቱ ለሌለው ሰው ከመዛወሯ በፊት ቀረጡ መከፈል አለበት። «አንዴ ከሸጥሁ በኋላ አላውቅልህም» የሚል ሻጭ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢያነብ መልካም ነው። ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ከደበቀ፣ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ቃል በውሉ ቢያስገባም እንኳ አይረዳውም።

ገዢም ለመፈተን ሲሄድ በማለዳ ይሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ እጁን በሞተሩ ላይ ያሳርፍ። ትኩስ ሆኖ ካገኘው ሻጩ አስቀድሞ አሙቆታልና፣ ለመክፈል ሳይቸኩል ቡናውን እየጠጣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፤ ከዚያም ራሱ ረግጦ ያስነሣት።