የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ተማሪዎቻችንን ውሃ ከየት እንደሚመጣ ብንጠይቃቸው ፈጥነው ይመልሳሉ። ከተጠቀምንበት በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ብንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ «መሬት ይመጠዋል» ይሉናል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። መሬት የመጠጠውን ውሃ ጎረቤት ጉድጓድ ቆፍሮ ሊያወጣው ይችላልና።

ለዚህ ትምህርት ሐርጌሳ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ ድንበሩን ተሻግረን የምናገኛት ይህች የሶማሌላንድ ርእሰ ከተማ የቧንቧ ውሃዋን የምታገኘው በስተሰሜን ካሉት የገድ ዴብሌ ጉድጓዶች ነው። መካከሏን አቋርጦ የሚያልፈው ማሮዲ ጄህ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ በሌላው ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ፍሳሽን ከየቤቱ ሰብስቦ የሚወስድ የከተማ አቀፍ ቧንቧ ግን የላትም። አብዛኛው ቤተሰብ የሚጠቀመው በየግቢው በተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የአገራችን የአነስተኛ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ሁኔታም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጉድጓድ ቆሻሻን ከዓይን ይሰውራል እንጂ በሽታ አምጪ ሕዋሳትን ሁሉ አይገድልም። ስለዚህ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይመከራል።

ፍሳሽ በቧንቧ በሚሰበሰብበት ቦታ አነስተኛ ማኅበረሰብ ያለ ሞተር ሊያጣራው ይችላል። ይኸውም በተከታታይ ኩሬዎች ነው። የመጀመሪያው ኩሬ ከ2 እስከ 5 ሜትር ይጠልቃል፤ ጠጣሩ ይዘቅጣል፤ ያለ ኦክሲጂን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ያፈርሱታል። ሁለተኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር ነው፤ አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጂን ይሠራሉ፤ ባክቴሪያዎች በዚያ ኦክሲጂን እየተረዱ ቀሪውን ቆሻሻ ይበላሉ። ሦስተኛው ጥልቀት ስለሌለው የፀሐይ ጨረር ብዙዎቹን ጀርሞች ይገድላል። በአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በእንዲህ ያሉ ኩሬዎች ነበር።

እንደ ሐርጌሳ ቆሻሻው ከጉድጓድ በመኪና በሚመጠጥበት ቦታ ደግሞ የማድረቂያ መደብ ይጠቅማል። መደቡ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይነጠፍበታል። ውሃው ወደ ታች ተንጠፍጥፎ ለተጨማሪ ማጣራት ወደ ኩሬ ይሄዳል፤ ዝቃጩ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀውን ግን ወዲያው ለጓሮ አትክልት ማዋል አይገባም። የወስፋት እንቁላል ብዙ ወራት ስለሚቆይ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ አገር እንኳ ከ1 ዓመት በላይ መከማቸት አለበት።

ይህንን በክፍል ውስጥ ለማስረዳት አንድ ቀላል ሙከራ እንጠቁም። ታችዋ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘቅዝቀን አፏን በጨርቅ እንሰር፤ ጠጠርና የታጠበ አሸዋ እንሙላባት፤ ከዚያም የደፈረሰ ውሃ እናፍስስባት። ጠርቶ ይወርዳል። «ማን ይጠጣዋል?» ብለን እንጠይቅ፤ ማንም ግን እንዲቀምሰው አንፍቀድ። አሸዋው ጭቃውን ቢያስቀርም ባክቴሪያን ሁሉ አያስቀርም፤ ዓይን ደግሞ ባክቴሪያን አያይም።

ከዚያ ተማሪዎቹን ሜትር አስይዘን ወደ ግቢው እንውጣ። ከትምህርት ቤቱ መጸዳጃ እስከ ውሃው ጉድጓድ ያለውን ርቀት ይለኩ። ከ30 ሜትር ካነሰ ትምህርቱ በደወል አያበቃም፤ ውሃው እየፈላ ወይም በክሎሪን እየታከመ እንዲጠጣ ማሳሰብና ልኩን ጽፈን ለርእሰ መምህሩ ማቅረብ የእኛ ፈንታ ነው።