የሩቅ ጦርነት፣ የቅርብ ገበያ፦ በማንኩሳ የሚባለውና እውነታው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን የሚያውቃት በበቆሎዋና በበርበሬዋ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ወሬው በሬዲዮ ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ በዘይትና በማዳበሪያ ዋጋ ቤት ድረስ ገባ። ያን ጊዜ ብዙ ተባለ። ከተባለው ውስጥ እውነት ያለበት አለ፤ ገበሬውን የጎዳም አለ፤ አቤቱታውን ለማይመለከተው እንዲያቀርብ አድርጎታልና።

«ማዳበሪያ የጠፋው ማዕቀብ ስለተጣለበት ነው»

ከሁሉ የበለጠ የተደጋገመው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ምዕራባውያን በሩሲያ ላይ ማዕቀብ ሲጥሉ ምግብና ማዳበሪያን ለይተው አስቀርተዋል። የአሜሪካ ግምጃ ቤትም በመጋቢት 2014 ባወጣው ፈቃድ የማዳበሪያ ንግድ እንደማይከለከል አስታውቋል። ባንኮችና መድን ሰጪዎች ከሩሲያ ጋር መሥራት በመፍራታቸው ክፍያና ጭነት መጓተቱ እውነት ነው። ማዕቀብ የተጣለበት ማዳበሪያ የቤላሩስ ፖታሽ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጦርነቱ በፊት የተጀመረ ነው። የእኛ ገበሬ በብዛት የሚገዛው ደግሞ ዩሪያና ኤንፒኤስ እንጂ ፖታሽ አይደለም። ኤንፒኤሱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሞሮኮ ነው።

ዋጋውም ቢሆን መናር የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ቶን ዩሪያ በዓለም ገበያ በአማካይ 230 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ማለትም ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ወደ 900 ዶላር ተጠግቷል። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በአውሮፓ ጋዝ ተወደደ፣ ቻይናም በጥቅምት ወደ ውጭ የምትልከውን ማዳበሪያ ያዝ አደረገች። ጦርነቱ የደረሰው ተወዶ በቆየ ገበያ ላይ ነው፤ የባሰ አስወደደው፣ መርከብና ነዳጅንም አስወደደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በሰኔ 2015 ጦርነቱም ማዕቀቡም እንዳለ ነበር፤ የዩሪያ የዓለም ዋጋ ግን ከ300 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በዚያው ሰኔ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት አለ። ያን ክረምት በሩሲያ ማመካኘት አይቻልም። ማዳበሪያ የሚገዛው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ በጅቡቲ ይገባል፣ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ለገበሬው ይደርሳል። ግዢው ቢዘገይ፣ መኪናው ቢቆም፣ ወይም ኩንታሉ ከማኅበሩ መጋዘን ወጥቶ በጎን ቢሸጥ ጉዳቱ የሚያርፈው ገበሬው ላይ ነው። በቆሎ ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ ካልተጨመረለት ዘግይቶ የመጣው ብዙ አይጠቅመውም። ይህን የሚያውቅ ሰው በሰኔ ባዶ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆሞ «የዩክሬን ጦርነት ነው» ሲባል መቆጣቱ ተገቢ ነው።

የዓለም ዋጋ ሲወርድ እኛ ዘንድ ያልወረደበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የራሷ የዩሪያ ፋብሪካ ስላልነበራት በዶላር ከመግዛት ሌላ አማራጭ አልነበራትም።

«ቡሬ ላይ ፋብሪካ እያለ ዘይት የሚወደደው ነጋዴ ስለደበቀው ብቻ ነው»

የሚደብቅ ነጋዴ የለም ማለቴ አይደለም፤ እሱ ብቻ ነው መባሉ ግን ስሕተት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ያጣራው የነበረው በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ነው። ዩክሬን የሱፍ ዘይት በመላክ ከዓለም ቀዳሚ ነበረች። የእሷ ወደብ ሲዘጋ ገዢው ሁሉ ፊቱን ወደ ፓልም አዞረ። በሚያዝያ 2014 ደግሞ ኢንዶኔዥያ ፓልም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለሦስት ሳምንት ከለከለች። ከፋብሪካው አጠገብ የሚኖር ሰው ዘይት በውድ መግዛቱ ያስቆጫል፤ ምክንያቱ ግን ጥሬ ዕቃው ከሩቅ መምጣቱ ነው። ኑግ የሚያበቅል አገር ይህን ሲሰማ ምን ማሰብ እንዳለበት ግልጽ ይመስለኛል።

«የሩሲያ ኤምባሲ ለጦርነቱ ወታደር ይመዘግባል»

በሚያዝያ 2014 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አዲስ አበባ በኤምባሲው በር ተሰለፉ። ኤምባሲው ማመልከቻ እንደማይቀበል በይፋ አስታወቀ። ለሰው ጦርነት ለመሞት የተሰለፈውን ወጣት መውቀስ አልችልም፤ እዚያ ያደረሰው የኑሮው ጉዳይ ነው።

«አሜሪካ ከእኛ ጋር መነገድ ከልክላለች»

አልከለከለችም። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትወጣ የቀረው ከቀረጥ ነፃ መግባት ነው። ጉዳቱ የከፋው በልብስ ስፌት ሠራተኞች ላይ ነበር፤ ቡናችን አጎዋ ሳያስፈልገውም ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር።

«ማዕቀብ ጦርነት ያስቆማል»

እንደማያስቆም እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ጣሊያን ስትወረን የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀቡን ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋለ። ጎማና አንዳንድ ማዕድን ታገደ፤ ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን አልታገደም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ከወረራው በፊት ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያላት ጣሊያን በዚህ ምን ተጎዳች? የማንኩሳን ልቦለድ የጻፈልን ሐዲስ ዓለማየሁ ራሱ በዚያ ጦርነት ዘምቶ ተማርኮ ወደ ጣሊያን ተወስዷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቀርበው አቤት አሉ። ማኅበሩ በሳምንት ውስጥ ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ፤ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ተነሣ። የጎጃም አርበኞች ግን ከዚያ በኋላ ገና አምስት ዓመት ሊዋጉ ነው።