ውሻዎ ካንሰር ቢይዘውስ?

ካንሰር ሰውን ብቻ ሳይሆን ውሾችንም ያጠቃል። በአሜሪካ ሜላኖማ የተባለ የአፍ ካንሰር ለያዛቸው ውሾች የሚሰጥ ክትባት እ.አ.አ. በ2007 በቅድመ ሁኔታ ፈቃድ አግኝቷል። ክትባቱ ታይሮሲኔዝ የተባለውን የሰው ፕሮቲን የሚያስገኝ ዘረ መል ይዟል። ፕሮቲኑ በውሻው ካንሰር ላይ ካለው ጋር ቢመሳሰልም ጥቂት ይለያል። የታሰበውም የውሻው በሽታ የመከላከል አቅም ይህን ባዕድ አይቶ እንዲነቃና ካንሰሩንም እንዲያጠቃ ነው።

ሆኖም ክትባቱ በሽታውን አስቀድሞ አይከላከልም፤ ቀዶ ሕክምናንም አይተካም። የሚሰጠው እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ከታከመ በኋላ ነው። ስለዚህ በውሻዎ አፍ ውስጥ እብጠት፣ መድማት ወይም ያልተለመደ መጥፎ ሽታ ካስተዋሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ካንሰሩ ወደ ሰው አይተላለፍምና ፈርተው ከቤት አያባርሩት።